በስልሳ ድምፅ የተሸነፈ ዕጩ ፍርድ ቤት ያዋጣዋል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ) ለካውንቲ ምክር ቤት የደገፍነው ሰው በስልሳ ድምፅ ገደማ ተሸነፈ። ውጤቱ ገና አልጸደቀም ይላሉ። ለእሱ ስንል ከሥራ መልስ በር ስናንኳኳ ነው የከረምነው። በምርጫው ዕለት ጠዋት የመራጭ ስም የሚፈልጉበት ኮምፒውተር ቆሞ ብዙ ሰው ሥራ ረፈደብኝ እያለ ከሰልፍ ወጥቶ ሄደ። እናቴን ደግሞ "በፓርቲው መዝገብ ላይ የሉም" ብለው ፕሮቪዥናል ወረቀት (ከተጣራ በኋላ የሚቆጠር ጊዜያዊ የድምፅ መስጫ) ሰጧት። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሰዎች "ተይው፣ የፓርቲ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት አያገባውም" ይሉኛል። እውነት ነው? እኔ ተራ መራጭ መክሰስ እችላለሁ?

የሰላም እናት

መልስ፦

የሰላም እናት፣ አያገባውም ያሉዎት ሰዎች ተሳስተዋል። አገር ቤት ፓርቲ ዕጩውን የሚመርጠው እዚያው በጓዳው ስለሆነ ለብዙዎቻችን እንደዚያ ቢመስለን አይገርምም። እዚህ ሜሪላንድ ግን ፕራይመሪውን የሚያካሂደው የመንግሥት ምርጫ ቦርድ ነው፤ ፍርድ ቤት አቤት የማለት መብቱም ከኖቬምበሩ ምርጫ አይለይም። የተመዘገበ መራጭ ሁሉ፣ ሕግ ተጥሶ ውጤቱ ተለውጧል ወይም ሊለወጥ ይችላል ብሎ ካመነ፣ ለሰርከት ፍርድ ቤት (ለካውንቲው ዋና ፍርድ ቤት) አቤት ማለት ይችላል። ዕጩ መሆን የለብዎትም።

ጭንቁ ያለው ቀኑ ላይ ነው። የካውንቲ ምክር ቤት የሚመረጠው ከአገረ ገዥው ጋር በአንድ ዓመት ስለሆነ፣ ለዚህ ፕራይመሪ የተሰጠው ጊዜ ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ 3 ቀን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጥፋቱን ካወቁ 10 ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል። ከሁለቱ ቀድሞ የሚደርሰው ነው የሚሠራው። እርስዎ ሰዎቹ ሲመለሱ በዓይንዎ አይተዋል። ስለዚህ አሥሩ ቀን መቆጠር የጀመረው ከዚያው ዕለት ነው። "ውጤቱ ይጽደቅና እናያለን" ብለው ከተቀመጡ አበቃ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚሲሲፒ ውስጥ በጁን 24 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሪፐብሊካኖች የሴኔት ድጋሚ ዙር ታድ ኮክራን ክሪስ ማክዳንኤልን በ7,667 ድምፅ አሸነፈ። ማክዳንኤል በመጀመሪያው ዙር በዴሞክራቶች በኩል የመረጡ ሰዎች በሁለተኛው መጥተው ሕግ በሚከለክለው መንገድ ለተቀናቃኜ ድምፅ ሰጡ ብሎ ከካውንቲ ካውንቲ ማስረጃ ሲያሰባስብ ቆየ። ለፓርቲው አቤቱታውን ያስገባው በ41ኛው ቀን ነበር። ዳኛው የድሮ የ1959 ውሳኔ ጠቅሰው ጊዜው 20 ቀን ነበር፣ አልፏል ብለው መዝገቡን ዘጉ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦክቶበር አጸናው። ያ ሁሉ የተለቀመ ወረቀት እውነት ይሁን ሐሰት ችሎት ላይ ሳይመረመር ቀረ። ለማክዳንኤል ፖለቲካ ፍቅር የለኝም፤ ግን ይህ ለማንም ሰው መራራ ነው።

አሁን ወደ ሰፈርዎ ልመለስ። ድጋሚ ቆጠራና ክስ ይለያያሉ። ድጋሚ ቆጠራ መጠየቅ የሚችለው የተሸነፈው ዕጩ ነው፤ እርስዎ አይችሉም። እሱም ከጸደቀ በኋላ 3 ቀን ነው ያለው። የእናንተው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ለካውንቲው ሥራ አስፈጻሚነት በተደረገው የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን በ2018 በ77 ድምፅ አሸነፈው። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ የኤልሪች ብልጫ 35 ነበር፣ ድጋሚ ሲቆጠር 32 ሆነ። ከሦስት ድምፅ በላይ አልተነቃነቀም። ድጋሚ ቆጠራ ሳጥን ውስጥ የገባውን ወረቀት እንደገና ማየት እንጂ ከሰልፍ የወጣን ሰው መመለስ አይችልም። የእርስዎ ቅሬታ ደግሞ የገባው ሳይሆን ያልገባው ድምፅ ነው። ስለዚህ መንገዱ ክስ ነው።

ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ነው። "ብዙ ሰው ተመለሰ" አያስኬድም። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተብሎ? የተመዘገበ ዴሞክራት ነበር? በዚያው ማታ ተመልሶ ከመረጠ አይቆጠርም፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልዩነቱ ስልሳ ከሆነ አሥራ አምስት ሰው ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ከስልሳ በላይ ስም ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱም በቃለ መሐላ የፈረመ። ይህ ከተሟላ ፍርድ ቤቱ የዚያን ወንበር ምርጫ ሰርዞ እንደገና እንዲካሄድ እስከማዘዝ ሥልጣን አለው። በግልጽ ልንገርዎት፣ እዚያ የሚደርስ ጉዳይ ጥቂት ነው። ግን አይሆንም ከማለትዎ በፊት ስሞቹን ይቁጠሩ።

የእናትዎ ነገር ሌላ ነው። ሜሪላንድ በፕራይመሪ ለፓርቲ ዕጩ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። የእኛ ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ "ፓርቲ" የሚለው ጥያቄ ጋ ሲደርስ "ምንም" ላይ ምልክት ያደርጋል። በደርግ ጊዜ ፓርቲ የተባለ ነገር ምን እንዳመጣ ያየች እናት ብትሸሽ እኔ አልፈርድባትም። እንደዚያ ከሆነ ግን ወረቀቷ ፓርቲ ለማይጠየቅበት ለትምህርት ቦርድ እንጂ ለምክር ቤቱ አይቆጠርም፤ ዳኛም አያስተካክለውም። ለሚቀጥለው ፕራይመሪ ከምርጫው 21 ቀን በፊት ምዝገባዋን መቀየር ትችላለች። በርግጥ ዴሞክራት ሆና ተመዝግባ ከነበረና ስሟን ያጡት እነሱ ከሆኑ፣ የመጀመሪያዋ ምስክርዎ እሷ ናት። የቦርዱ ድረ ገጽ ላይ የፕሮቪዥናል ወረቀቷ መቆጠር አለመቆጠሩን ያሳያል፤ አትመው ይያዙት።

ዛሬውኑ ለዕጩው ቢሮ ይደውሉ። ጠበቃ ይዘው እንደሆነ፣ ውጤቱ የሚጸድቀው የትኛው ቀን እንደሆነ ይጠይቁ። ሌሎች ከዚያ ሰልፍ የወጡ ሰዎችን ስም ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ከእርስዎ ጋር ሲደመር ስንት እንደሚሆን አብራችሁ እዩ።