«ቲቸር፣ ይደርሰኛል?»

ባለፈው ሳምንት ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ በባጃጅ ስሄድ የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱን አስተምሬው አላውቅም። እናቱን ነው ያስተማርኩት። ግን አዳማ ውስጥ አንዴ «ቲቸር» ከተባልክ ለልጅ ልጅም ቲቸር ነህ።

ስልኩን አውጥቶ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን አሳየኝ። «ቲቸር፣ በዚህ ውጤት ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይደርሰኛል?»

እኔን ከመጠየቁ በፊት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠይቋል። ግማሹ «በደንብ»፣ ግማሹ «አትልፋ» ብሎታል። ከዚያ ኤአይ ጠየቀ። «72 በመቶ ዕድል አለህ አለኝ።»

«72ን ከየት አመጣው?»

«እኔ እንጃ። ግን ቁጥር ሲሆን ደስ ይላል።»

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየም፤ ድሮ እኔም እንደዚያው ቁጥር አዳይ ነበርኩ።

34 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ ወደ 20 ለሚጠጋው ዓመት አንድ ደብተር ነበረችኝ። ጠንካራ ሽፋን ያላት፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሰመርኳት። የተማሪው ስም፣ የሞዴል ፈተና ውጤቱ፣ የብሔራዊ ፈተና ነጥቡ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የት ገባ» የሚል ዓምድ። ውጤት በወጣ ቁጥር ወላጅና ልጅ ቤቴ ይመጣሉ። ደብተሬን እገልጣለሁ፣ ጣቴን አስኬዳለሁ፣ እፈርዳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሚኒስትሩ» ይሉኝ ነበር። ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በ2010 ክረምት አንዲት ተማሪዬ ከእናቷ ጋር መጣች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ እጇን ሳታወጣ «ለምን?» ብላ የምታቋርጠኝ ልጅ ነበረች። እናቷ ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ እንጀራ ትሸጣለች። የዚያን ቀን ሙቀቱ የአዳማ ሙቀት ነው፤ እናትየው በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች በሩ አጠገብ ካለው ወንበር አልነሳም አለች። «እዚህ ነፋስ አለ» ትላለች። ነፋስ አልነበረም።

ልጅቷ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የምትፈልገው። ደግሞ እዚሁ አዳማ። እናቷን ስኳር ያማት ነበር። በመደበኛው ምደባ ምርጫ ትሞላለህ እንጂ የሚመድብህ ሚኒስቴሩ ነው፤ ጅግጅጋም ሚዛንም ልትሄድ ትችላለህ። አዳማና አዲስ አበባ ያሉት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ስለዚህ ለእሷ ፈተናው የስም ጉዳይ አልነበረም። ከእናቷ ሳትርቅ የምትማርበት በር እሱ ብቻ ነው።

ነጥቧን እዚህ አልጽፈውም። ካነበበችው ታውቀዋለች። መጥፎ አልነበረም፤ አጃኢብ የሚያሰኝም አልነበረም።

ደብተሬን ገለጥኩ። ጣቴን አስኬድኩ። «በዚህ ነጥብ እዚያ የገባ እኔ ጋ የለም» አልኩ። ዝም አለች። ያቺ «ለምን?» የምትል ልጅ የዚያን ቀን ለምን አላለችም። እኔም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። «ፈተናው ለጎበዝ ጎበዞቹ ነው። አትድከሚ፤ ምደባሽን ጠብቂ» ብዬ ጨመርኩበት።

እናትየው ተነስታ እጅ ነሳችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር፣ ከከንቱ ድካም አዳኑን» አለች። ቡና ሳትጠጣ ሄደች፤ እንጀራው ይደርቅብኛል ብላ።

ልጅቷ አልተመዘገበችም። ምደባው ሲመጣ ሩቅ ደረሳት፤ ሁለት ቀን መንገድ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ባንክ ውስጥ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ሌላ ነገር ተምራ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። እናቷን ጠየቅኋት፤ ደህና ናት፣ እንጀራ ግን ትታለች። ካወራን ከቆየን በኋላ እየሳቀች አንድ የክፍሏን ልጅ አነሳችልኝ። ከእሷ 11 ነጥብ ያነሰ አምጥቶ፣ የመግቢያ ፈተናውን ተፈትኖ፣ አልፎ፣ እዚሁ አዳማ ኢንጂነር ሆኖ ተመርቋል። «ቲቸር፣ እሱ ደብተርዎ ውስጥ አለ እንዴ?»

አልነበረም። መጥቶ አልነገረኝማ!

ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። የመግቢያ ፈተናውን ተፈትነው ውጤታቸውን የነገሩኝን ቆጠርኩ። ስድስት። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስድስት ልጅ! የሚመጡልኝ ደግሞ ወይ በጣም ቀንቷቸው ሊያመሰግኑኝ፣ ወይ ከፍቷቸው ሊያለቅሱብኝ ነው። መሃል ላይ ያለው ልጅ፣ እንደ እሷ ያለው፣ ለአስተማሪ ሪፖርት አያደርግም። እኔ ፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በስድስት ልኬት ሕግ አወጣለሁ የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው። በዚያ ላይ የአንድ ፈተናን ውጤት ይዤ ስለ ሌላ ፈተና ነበር የፈረድኩት።

አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ ይህን ሁሉ አላወራሁትም። ፍራንኮ ቅርብ ነው። ለእናንተ ግን ትንሽ ልጨምር።

የአምናው ነጥብ የዘንድሮ መለኪያ አይደለም። ፈተናው ይከብዳል፣ ይቀላል፤ የተወዳዳሪው ብዛት ይለያያል፤ የቦታው ቁጥርም እንዲሁ። የሚቆርጠው ነጥብ የሚታወቀው ሁሉም ከተሰለፈ በኋላ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2014ቱ ውጤት ጊዜ «ከመቶ ሦስት ሰው ነው የሚያልፈው፣ እኔ ማን ነኝ?» ብለው መጽሐፍ የዘጉ ልጆች አውቃለሁ። ግን 3.3 የማንም ልጅ ዕድል አልነበረም። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ከ1ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ አብዛኛውን ያሳለፉም ነበሩ። የአገር አማካይ ያንተን ክፍል አያውቀውም።

አጥኑ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ይልቅ የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያናድደኛል። ሞዴል ፈተና ከመሥራት ስለ ዕድል ማውራት ይቀናችኋል። ግሩፑ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ «ስንት ይቆርጣል?» ነው። እኛ ወንጂ ሳለን ማንን እንጠይቃለን? አባቴ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ ስለ ማትሪክ የሚያውቀው ወረቀቱ ቦርድ ላይ እንደሚለጠፍ ብቻ ነው። ሲለጠፍ አብሮኝ መጥቶ ስሜን ፈለገ። ማንበብ አይችልም ነበር፤ ቢሆንም ፈለገ። አሁን ሳስበው የማያውቅ አባት ጠቅሞኛል። «አትድከም» የሚለኝ አልነበረም።

ስለዚህ ማንንም አትጠይቁ። ማለቴ፣ አምና የተፈተነ ጠይቁ፤ ጥያቄው እንዴት ይመጣል፣ ሰዓት ይበቃል ወይ በሉት። ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ራሳችሁ አንብቡ፤ ስክሪንሾት አትመኑ። «ይደርሰኛል ወይ?» ብላችሁ ግን እንደኔ ያለ ሽማግሌ አትጠይቁ። በሌላ በኩል ግማሽ ያላመጣ ልጅ «ተስፋ አልቆርጥም» እያለ ሪሚዲያሉን፣ የአቅም ማሻሻያ ትምህርቱን፣ ሲንቅ ሳይ ደግሞ እቆጣለሁ። እሱ ቢጠይቀኝ ይሻላል።

ፍራንኮ ስንደርስ ልጁ የኔንም ሂሳብ ከፈለ። «ቲቸር፣ አልመለሱልኝም እኮ።»

«ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው?»

«አላየሁትም።»

«እሱን እይና ተመዝገብ» አልኩት።

ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ደብተሬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። የልጁን ነጥብ ፈለግኩ።