ድምፄ ወፍራም ነው፣ ቴነር ነህ አሉኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 23 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። የገባሁ ቀን መሪያችን በኪቦርድ እየመራ ወደ ላይ ወደ ላይ አስኬደኝና ፋ ስነካ «ቴነር ነህ» ብሎ እዚያው መደበኝ። አሁን ስምንት ወር ሊሞላኝ ነው። እሁድ ማታ ድምፄ ይዘጋል፣ ሰኞ ስልክ ሳነሳ ሰው ራሱ አያውቀኝም። ጓደኞቼ ደግሞ «በዚህ ወፍራም ድምፅህ ቤዝ ነህ እንጂ የምን ቴነር» ይሉኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም በደንብ የሰሙህ አይመስለኝም። መሪህ ጣሪያህን ለካ፣ ጓደኞችህ ደግሞ ወሬህን ሰሙ። ድምፅ የሚመደበው ግን የት ድረስ ይደርሳል ተብሎ ሳይሆን የት ላይ ሳይለፋ ይቀመጣል ተብሎ ነው። እኔም ካስፈለገ ሮጬ ታክሲ እይዛለሁ፤ ሯጭ ነኝ ግን አልልም።

ስሞቹን ቶሎ እንለፋቸው። ሴቶች ጋ ከላይ ሶፕራኖ፣ መሀል ሜዞ ሶፕራኖ፣ ከታች ኮንትራልቶ። ወንዶች ጋ ቴነር፣ ባሪቶን፣ ቤዝ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ኦክታቭ (ኦክታቭ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው) ያህል ይሰጣቸዋል። ቴነር ከመሀለኛው ዶ (ኪቦርዱ መሀል ካለው) አንድ ኦክታቭ ወርዶ ካለው ዶ ይነሳና ከመሀለኛው አንድ ኦክታቭ በላይ ያለው ዶ ድረስ ይሄዳል። ቤዝ ከዚያም ወርዶ ከሚ ይጀምራል። ባሪቶን በመካከላቸው ነው። የጀርመን ኦፔራ ቤቶች ይህንኑ ከ20 በላይ አድርገው ይከፋፍሉታል፣ ዘፋኙ ለየትኛው ሚና እንደሚቀጠር ለማወቅ። ለኛ ስድስቱ ይበቃናል።

አሁን ኳየራችሁን አስበው። ያለው አራት ወንበር ነው፦ ሶፕራኖ፣ አልቶ (የሴቶቹ የታችኛው ክፍል)፣ ቴነር፣ ቤዝ። ባሪቶን ወንበር የለውም፣ ሜዞም የላትም። ብዙ ሰው ደግሞ ያለው መሀል ላይ ነው። ስለዚህ መሀል ያለው ሰው ወይ ወደ ላይ ይገፋል ወይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቴነር በጠፋበት ኳየር ደግሞ (ቴነር የተረፈው ኳየር እስካሁን አላጋጠመኝም) ወዴት እንደሚገፋ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ፋን ባሪቶንም ይነካል። ነክቶ መመለስና እዚያው ሰፈር ተቀምጦ አራት መዝሙር መጨረስ ግን ለየቅል ናቸው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? እኔ የማምነው መሻገሪያውን ነው። ብቻህን ሆነህ፣ ሳትጮህ፣ «አ» እያልክ ከመሀለኛው ዶ ትንሽ ዝቅ ካለው ሶል ተነስና በግማሽ በግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ነጭም ጥቁርም ቁልፍ ሳትዘል) ውጣ። የሆነ ቦታ ላይ አገጭህ ወደ ፊት ይመጣል፣ ማንቁርትህ ሽቅብ ይነሳል፣ ወይ መጮህ ወይ ወደ ቀጭኑ መዞር ያምርሃል። እሱ ነው መሻገሪያው። ባሪቶን ላይ ብዙ ጊዜ ከመሀለኛው ዶ ሥር ካለው ሲ ጀምሮ እስከ ሚ አካባቢ ነው፣ ቴነር ላይ ከሬ እስከ ሶል። ቤዝ ከባሪቶንም ቀድሞ ይደርስበታል። በስልክህ ቅዳው፤ ቆይተህ ስትሰማው የት ላይ እንደተጨነቅክ ራስህ ታውቀዋለህ። ደግሞ አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ በተለያየ ቀን ሞክረው። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ቤዝ ያልሆነ ወንድ የለም።

ሌላው ቀለሙ ነው። አንድ ቴነርና አንድ ባሪቶን ያንኑ ዶ ቢይዙ እኩል ከፍታ ነው፣ ቴነሩ ጋ ግን ገና መንገድ ላይ ያለ ይመስላል፣ ባሪቶኑ ጋ ሞልቶ የደረሰ። የወንድ የድምፅ አውታር ርዝመት ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሴት ከ12.5 እስከ 17.5። የበገናና የክራር ጅማት ልዩነት በለው። ግን በገናን በገና የሚያሰኘው ጅማቱ ብቻ አይደለም፣ ገበቴውም አለ። ያንተ ገበቴ ጉሮሮህና አፍህ ነው። ለዚህ ነው በወሬ ብቻ መፍረድ የማይቻለው፤ ስንቱ ወንድ ነው ሆን ብሎ ድምፁን አወፍሮ የሚያወራው!

መሳሳት ደግሞ ያንተ መሪ ብቻ የሚደርስበት አይደለም። የኦፔራ ዘፋኙ ፕላሲዶ ዶሚንጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ሜክሲኮ ላይ ለፈተና የቀረበው ባሪቶን ነኝ ብሎ ነው። ፈታኞቹ ቴነር አሉት፣ በቴነርነትም ዓለም አወቀው። በ2009 ደግሞ ወደ ባሪቶን ሚናዎች ተመለሰ።

የኔ ግምት ባሪቶን ነህ። ሳልሰማህ ስለሆነ ግምት ነው ያልኩት። መሪህን በትሕትና ቤዝ ውስጥ ለሁለት ወር ልሞክር በለው። በጣም የታችኛው ሚ ቢጠፋብህ ዝም በል፣ ማንም አይነቃብህም። ለቴነር ግን ዝም ማለት የለም፣ ላይኛው ድምፅ ሲጠፋ ጉባኤው በሙሉ ይሰማል። ድምፅህ ካረፍክም በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ካልተመለሰ ግን የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂድ። ዝንጅብል ሻይ ብቻ እየጠጡ መጠበቅ የለም።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። ኳየር ውስጥ አልቶ ሲያደርጉኝ ከፋኝ። አልቶ ማለት ሶፕራኖ ያቃታት ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም እህቴ! አልቶ በጣሊያንኛ «ከፍ ያለ» ማለት ነው። ድሮ ከቴነር በላይ የሚዘመረው ክፍል ስም ነበር፣ ወንዶችም ይዘምሩት ነበር። ዛሬ አልቶ ውስጥ ከሚቆሙት ብዙዎቹ ሜዞ ናቸው፣ እውነተኛ ኮንትራልቶ ብርቅ ነው። ዜማውን ሶፕራኖዎቹ ይዘውት ሲሄዱ አንቺ ከሥር ሌላ መስመር ይዘሽ አለመሳሳት አለብሽ፤ እስቲ ሶፕራኖዎቹን ሞክሩት በያቸው። ደግሞ ያለሽበት ከተማ ነው፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን ሊንከን ሐውልት ደረጃ ላይ ቆማ 75 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ዘፍናለች። ኮንትራልቶ ነበረች።

ጥያቄ፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የኛ ቤዝ፣ ባሪቶንና ቴነር ናቸው የሚል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሦስቱ የዜማ ስልቶች ናቸው፤ አንድ መሪጌታ ሦስቱንም ያዜማል። ቴነር ወይም ቤዝ ግን የሰውየው የራሱ ድምፅ ነው፣ ለበዓል ብሎ አይቀይረውም። ምደባው የተፈለገውም ሙዚቃው በኖታ ተጽፎ ከፍታው አስቀድሞ ስለሚወሰን ነው፤ ሰው ለወረቀቱ ይፈለጋል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ክራር ደርዳሪው ዘፋኙን «ቴነር ነህ ወይስ ባሪቶን?» ብሎ አይጠይቅም። «እስቲ አንዴ በል» ይለዋል፣ ጆሮውን አዘንብሎ ይሰማል፣ ከዚያ መቃኛውን እያጠበቀና እያላላ ክራሩን ለሱ ይቃኝለታል። ኪቦርድ ተጫዋቾቻችንስ ያቺን ትራንስፖዝ የምትባል፣ ሙዚቃውን በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የምታደርግ ቁልፍ ለምን በጣም የሚወዷት ይመስልሃል?