ልጅሽን ዘጠነኛ ክፍል ከማስደገምሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ስጠብቅ አነበብኩት። ልጅሽ አዲስ አበባ ዘጠነኛን ጨርሶ አሜሪካ መጥቷል፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እንግሊዝኛው እስኪጠነክር ዘጠነኛን ይድገም ብሏል። ኮሌጅ ገብቶ ባስኬት እንዲጫወት ምን ላድርግ ነው ያልሽው። ሌሎቹ ስለ ጫማና ስለ ሰመር ካምፕ መልሰውልሻል። ጫማው ይደርሳል። እኔን ያቃጠለኝ ወረቀት ስለሆነ ስለ ወረቀት ላውራሽ።

1. ኤንሲኤኤ፣ የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ድርጅት፣ ልጅሽን መቁጠር የሚጀምረው ዘጠነኛ ክፍልን መጀመሪያ ከረገጠበት ቀን ነው። የትም አገር ይሁን። ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት ደረጃዎች ከፍተኛው ላይ፣ ለመጫወት ኮር ኮርስ የሚሏቸውን 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ከዚያ ቀን አንስቶ በ8 ሴሚስተር፣ ማለትም በአራት ዓመት፣ መጨረስ አለበት። በእነሱ ላይም አማካይ ውጤቱ ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ዘጠነኛን ከደገመ አንድ ዓመት ያተረፈ ይመስልሻል። ቆጠራው ግን አዲስ አበባ ተጀምሯል።

2. ለጀማሪ የሚሰጠው የኢኤስኤል ክፍል፣ ማለትም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠው እንግሊዝኛ፣ ከ16ቱ አይገባም። ልጁ ይማርበት፣ ያስፈልገዋል። ግን ጎን ለጎን መደበኛውን ይውሰድ። ለየሃይስኩሉ የጸደቁት ኮርሶች ዝርዝር ኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ አለ። የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሩን፣ አትጠብቂ፣ ራስሽ ቁጭ ብለሽ እይው።

3. ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር አስጽፊ። የኔ ጉድ እዚህ ጋ ነው።

የኛ ልጅ የመጣው በፈረንጆቹ 2019 ኦገስት ላይ ነው። ትራንስክሪፕቱ 2011 ይላል፣ ያው በኛ። የመመዝገቢያ ቢሮዋ ሴትዮ ቀና ሳትል ወረቀቱን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገችና «ልጅህ ዘጠነኛን የጨረሰው በሰባት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የኛ ዓመት ከነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ ወራችንም 13 እንደሆነ ላስረዳ ስሞክር ጭራሽ አባባስኩት። ቀጥሎ የስም ነገር መጣ። የልጁ መጨረሻ ስም የኔ ስም ነው፣ የኔ ደግሞ የአባቴ። «አባቱ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አለች። አፍንጫችንን እይው ልበላት? ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሥራ ልገባ 40 ደቂቃ ቀርቶኛል። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ከዘጠነኛ ይጀምር፣ ይጠቅመዋል» አለች። ፈረምኩ።

ልጁ ጎበዝ ወጣው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላለንም። 12ኛ ክፍል ሲገባ፣ በ2022 መከር ላይ፣ የአንድ ዲቪዚዮን አንድ ኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝ ሁለት ጊዜ መጥቶ አየው። ለእናቱ ሳይቀር ይደውል ነበር። እሷ በደስታ ዶሮ ልትሠራለት ነበር። ከዚያ የኤንሲኤኤው ኢሊጂቢሊቲ ሴንተር፣ ማን መጫወት እንደሚችል የሚወስነው ቢሮ፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ ያለውን ማስረጃ በሙሉ ላኩ አለ፣ የአዲስ አበባውንም ጭምር። አንዱ ቢሮ አልቀበልም ብሎ የገፋውን ወረቀት ሌላው አምጡ አለን! ሲቆጥሩት 8ቱ ሴሚስተር 2022 ጁን ላይ አልቋል። ልጁ የሚመረቀው 2023 ጁን ነው። ከ16ቱ 13 ብቻ ተያዘለት። የአሰልጣኙ ስልክ መጀመሪያ መልእክት መቀበያ ላይ ይገባ ነበር፣ በኋላ እሱም ቀረ። ክፉ ሰው ነው አልልም፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ መስጠት ነበረበት። ግን አንድ ቃል ምን አለበት?

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ዲቪዚዮን ሁለትም 16 ኮርስ ይጠይቃል፣ አማካዩ 2.2 ይበቃል። ያ የ8 ሴሚስተር ገደብ ግን የለበትም። የ12ኛ ክፍሉ ሲጨመር የኛ ልጅ ሞልቶለት ነበር። ይህንን የነገረን የለም። ልጁን እናስተዋውቃለን ብሎ 1,800 ዶላር የበላን ሰውዬ እንኳ አልነገረንም። ያወቅነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እና ጁኮ ገባ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ከነሥራ ልብሴ ሄጄ አየሁ። አዳራሹ ውስጥ ከ60 ሰው አንበልጥም። ፎጣ ትከሻው ላይ አድርጎ ቤንች ላይ ቁጭ ብሏል፣ ጉልበቶቹ አገጩ ጋ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸው። አራት ደቂቃ ሲቀር፣ በ19 ነጥብ እየተመሩ፣ አስገቡት። ከቅርጫቱ የተመለሰ አንድ ኳስ፣ ሪባውንድ የሚሉትን፣ ያዘ፣ አንድ ፋውል ሠራ። «አይዞህ!» ብዬ ስጮህ አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ። እሱ ወለል ወለሉን ያያል። ያን ዓመት በአማካይ 3 ነጥብ። ጉዞው በቫን ነው፣ ምግቡ ፒዛ ነው። የውድድሩ ማብቂያ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም እናቱ ሽሮ በቴርሞስ ታስይዘው ነበር። አሰልጣኙ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ግን ራሱ ቀመሰ።

በሁለተኛው ዓመት 11 ነጥብና 8 ሪባውንድ። የሁለት ዓመቱን፣ ኤሶሺየት ዲግሪውን፣ ይዞ ወጣ። አሁን ዲቪዚዮን ሁለት ኮሌጅ ነው፣ ክፍያው ግማሹ በኳሱ፣ ቀሪው በትምህርት ድጋፍ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያልሆነው ለምንድነው የምትይ ከሆነ፣ ዲቪዚዮን ሁለት ላይ አንድ የወንዶች ቡድን ለሁሉም ተጫዋች የሚያካፍለው የ10 ሰው ያህል ስኮላርሺፕ ነው። ዲቪዚዮን ሦስት ደግሞ በስፖርት ሰበብ ምንም አይሰጥም፣ እንዳያታልሉሽ። የኛን ልጅ ባለፈው ወር በሜዳቸው ሲጫወት ሄጄ ሳየው 24 ነጥብ አገባ። ዘንድሮ እኔን ማየት አያፍርም።

4. ቁጥሩ ጠፋኝ። ብቻ ለትምህርት ቤቱ እንዲህ በይ፦ «የአዲስ አበባው ዘጠነኛ በክሬዲት ይያዝለትና አሥረኛ ይግባ፣ እንግሊዝኛውን በተጨማሪ ይውሰድ።» እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ትራንስክሪፕቱን በታወቀ ተርጓሚ አስተርጉሚ። ከልደት ካርዱ ጋር አያይዥው፣ የስሙንም አጻጻፍ በአንድ መስመር አስረጂ። ሥራ የሚያስቸኩልሽ ቀን አትሂጂ። ባለቤትሽን ወይ እንግሊዝኛ የሚቀናውን ዘመድ ይዘሽ ሂጂ። ልጁ ራሱ ያስተርጉም አትበይ፣ ስለ ራሱ ጉዳይ ያፍራል።

የሚያስፈርሙሽን ቅጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ ስሙን ሸፍነሽ። ማታ በኛ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ እጨርሳለሁ። እስከዚያ እንዳትፈርሚ።