የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማየት የተሳናት የሕግ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲዋ ምን መጠየቅ ትችላለች?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ታናሽ እህቴ ማየት የተሳናት ስትሆን ከድሬዳዋ ርቆ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። እስካሁን የምታጠናው የዶርም ጓደኞቿ እያነበቡላት ነው፤ እነርሱም የራሳቸው ጥናት ስላለባቸው ፈተና ሲቃረብ ትቸገራለች። ለእረፍት ስትመጣ ሃንድአውቶቿን ከዚራ በሚገኝ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ከፍለን በኮምፒውተር አስጻፍንላት፤ ነገር ግን ኮምፒውተሯ አማርኛውን ትርጉም በሌላቸው የእንግሊዝኛ ፊደላት ያነብላታል። ባለፈው ፈተናም አንባቢ የተመደበላት ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ሲሆን፣ የባከነው ሰዓት አልተካካሰላትም። ስትጠይቅ «በጀት የለም» ተባለች። ምን እናድርግ?
ታላቅ እህቷ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በቅድሚያ የሃንድአውቱን ነገር እናንሣ፤ መፍትሔው በእጃችሁ ነውና። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ቋንቋ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ለዐይን «አንቀጽ» ሆኖ የሚታየው ቃል ለኮምፒውተሩ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ዛሬም በአሮጌው መንገድ የሚጽፉ አሉ። ስለዚህ ጸሐፊውን «በዩኒኮድ፣ ለምሳሌ በኒያላ ፊደል ይጻፍልን» ብለው ይንገሩት፤ የተጻፈውንም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በፍላሽ ይቀበሉ። በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም እንዲህ የተጻፈውን አማርኛ ያነብባል፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ለሕግ ተማሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ያትማል። ስካን የተደረገ አዋጅ ለስክሪን አንባቢው ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥም የአንዱ ዓምድ መስመር ከሌላው ጋር ሊቀላቀልና አንቀጹ ሊበላሽ ይችላል። በእረፍቱ ጊዜ እናንተ ቤት ሆናችሁ ልትሠሩላት ከምትችሉት ሁሉ የሚበልጠው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የምትማርባቸውን አዋጆች አማርኛውን ለብቻ፣ እንግሊዝኛውን ለብቻ አድርጎ ማዘጋጀት ነው።

«በጀት የለም» ለተባለው ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ንዑስ አንቀጽ 5 በከፍተኛ ትምህርትም ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛው የሚያስፈልገው ተገቢ ማስተካከያ፣ እንዲደረግ መንግሥታትን ያስገድዳል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው። የብሬል ማተሚያ መግዛት በእርግጥ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የአገራችን ተቋማት አቅም ውስን መሆኑንም አልክድም። ይሁን እንጂ መምህሩ ሃንድአውቱን ለፎቶ ኮፒ ከመስጠቱ በፊት በላፕቶፑ ያለውን ፋይል ለእህትዎ ቢልክላት፣ የትኛው በጀት ይነካል? የፈተና ሰዓት መጨመርስ ስንት ብር ይፈጃል? የሚያስፈልጋት አብዛኛው ነገር አስቀድሞ ማሰብን እንጂ ግዥን አይጠይቅም፤ «በጀት የለም» የሚለውም ለዚህ መልስ ሊሆን አይችልም።

ፈተናውን በተመለከተ አንባቢ መመደቡ ብቻ አይበቃም። የሕግ ፈተና ረጅም የፍሬ ነገር ታሪክ ይዞ ስለሚመጣ፣ ማየት የሚችል ተማሪ በዐይኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያየውን ዓረፍተ ነገር እርሷ ደግሞ እንዲነበብላት መጠየቅ አለባት፤ ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልጋትም ለዚህ ነው እንጂ ለብልጫ አይደለም። አንባቢው የሕግ ቃላትን ሳይደነቃቀፍ የሚያነብ፣ ከእርሷ ጋር የማይፈተን፣ ከፈተናው ቀን በፊትም የተዋወቀችው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ንባቡ ሌሎችን እንዳይረብሽ፣ እርሷም እንዳትሳቀቅ የተለየ ክፍል ያስፈልጋል። በኮምፒውተር መጻፍ ከቻለች መልሷን ራሷ ብትጽፍ ይሻላል፤ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ መልስ የእርሷን ሐሳብ ምን ያህል እንደያዘ ማረጋገጥ ይከብዳታልና።

ይህን ሁሉ በቃል አትጠይቅ። ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻ ትጻፍ፤ ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ የተመደበ ክፍል ካለ ለእርሱም በግልባጭ ታሳውቅ። ፋይሎቹ መቼ እንዲደርሷት፣ ስንት ደቂቃ እንዲጨመርላት፣ አንባቢው ከፈተናው ስንት ቀን በፊት እንዲታወቅ እንደምትፈልግ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይስፈር። በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራሷ ታስቀር፤ ኃላፊ ሲቀየር የቃል ስምምነት አብሮ ይጠፋል፣ ገቢ የሆነ ደብዳቤ ግን ይቀራል። ምላሽ ካጣች ወደ ተማሪዎች ዲን፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ትሂድ፤ እዚያም ካልሆነ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ትችላለች።

ጓደኞቿ እስካሁን ያደረጉላት ታላቅ ውለታ ነው። ፋይሉ በጊዜ ከደረሳት እነርሱን የምትፈልጋቸው ሃንድአውት እንዲያነቡላት ሳይሆን አብረዋት እንዲከራከሩ ይሆናል፤ ሕግን የሚማር ሰው ደግሞ ይህ በጣም ያስፈልገዋል። ማመልከቻውን እርስዎ አይጻፉላት፤ የሕግ ተማሪ ናትና ራሷ ታርቅቀው፣ እርስዎ አንብበው አስተያየት ይስጧት።