መልስ፦ ከኢትዮጵያ የሚሰጥ ድምፅ በኮሪያ የዘፈን ውድድር ይቆጠራል?

እህቴ፣ የውጭ ድምፅ በሚቀበሉ ውድድሮች ይቆጠራል፤ ክብደቱ ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደውን ገርልስ ፕላኔት 999 የተባለ፣ የሴቶች የዘፈን ቡድን አባላት በተመልካች ድምፅ የተመረጡበትን የኮሪያ የቴሌቪዥን ውድድር እንይ። ከኮሪያ፣ ከቻይናና ከጃፓን 33፣ 33 ሆነው 99 ልጆች ገቡ። የድምፁ ግማሽ ለኮሪያ ብቻ ተመደበ፤ የቀረውን ግማሽ የተቀረው ዓለም ተካፈለ። ለምሳሌ ከኮሪያ 1 ሚሊዮን፣ ከውጭ 4 ሚሊዮን ድምፅ ቢመጣ የአንድ ኮሪያዊ ድምፅ የአራት ሰው ያህል ይመዝናል። በውጭ አገር እጅግ የምትወደድ ልጅ የምትወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኬፕለር የተባለውን ቡድን ከመሠረቱት ዘጠኝ አሸናፊዎች ስድስቱ ከኮሪያ ወገን ነበሩ።

ብዙ አድናቂ የሚሳሳተው ግን ምርጫውን ሲሞላ ነው። በዚያ ውድድር የመጀመሪያ ዙር አንድ መራጭ ከየአገሩ ሦስት፣ በድምሩ ዘጠኝ ልጆች ይመርጥ ነበር። የምትወጃት ልጅ በማለፊያው መስመር ላይ ካለች ከጎኗ ያሉትን ተፎካካሪዎች አትምረጪ፤ ለእነሱም እኩል ድምፅ ነው የምትሰጪው። ቦታውን ማለፋቸው በተረጋገጠ ልጆች ሙዪው።

የመዝጊያ ሰዓቱ የሚነገረው በኮሪያ አቆጣጠር ነው። ደግነቱ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ከእኛ አቆጣጠር ጋር ይገጥማል፤ እዚያ ጠዋት 10 ሲል እዚህ ከሌሊቱ 10 ነው። ስለዚህ ማታ ሳትተኚ ምረጪ። ቪፒኤንም (ያለሽበትን አገር የሚደብቅ መተግበሪያ) ካለሽ አጥፊው፣ ድምፅሽን ሊያሰርዘው ይችላል።