«ለደረሰኙ ያልዋሸሽ፣ ለእኔ ዋሸሽ»

ጥያቄ፦ የ2 ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት 9 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ላልተገዛ ዕቃ በተቆረጠ ደረሰኝ ላይ እንድፈርም ታዘዝኩ። እግዚአብሔርን ስለምፈራ እምቢ አልኩ። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ለባለቤቴ መንገር ፈራሁ። 3 ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃዬን ይዤ እየወጣሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስቀመጥ ዋልኩ። ሲደርስበት «ለደረሰኙ ያልዋሸሽ፣ ለእኔ ዋሸሽ» አለኝ። ከሥራ ከወጣሁ 2 ወር ሊሞላኝ ነው። ከልጆቹ ጉዳይ ውጭ አናወራም። እንቅልፍ የለኝም። እግዚአብሔርን ታዝዤ ለምን እንዲህ ሆንኩ? ይቅርታ ልበለው ስል ደግሞ አለመፈረሜን ስህተት ነው ያልኩ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ምሳ ዕቃው ነው። ለሌለ ሥራ ምሳ መቋጠር! ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሲያፍር ነው። የሚገርመው ደግሞ ያፈርሽው ሊያስመሰግንሽ በሚገባ ነገር ነው።

ለምን አፈርሽ? እኛ ጋ ሰው ከሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አጥፍቶ ነው?» ነው። ሜልቪን ለርነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ይህንኑ ነገር አይቷል። ያለ ጥፋቱ የሚሠቃይን ሰው ማየት ሲከብደንና መርዳት ሳንችል ስንቀር፣ ሰውየውን ማጣጣል እንጀምራለን። ዓለም ፍትሐዊ ነው ብለን ማመን ስለምንፈልግ ነው። አንቺ ግን ሌላ ሰው ሳትጠብቂ በራስሽ ላይ ፈረድሽ።

ታኅሣሥ 19 ሲመጣ ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ስናስብ ቶሎ የምንደርሰው እሳቱ የበረደበት ቦታ ላይ ነው። እነሱ ግን ንጉሡን «ባያድነን እንኳ አንሰግድም» ያሉት እሳቱ እየነደደ ነው። አንቺ አሁን ያለሽው እዚያ ጋ ነው። ሥራ ማጣትሽ አምላክሽ ፊቱን እንዳዞረብሽ ማስረጃ አይሆንም።

እንቅልፍሽን በተመለከተ፣ ኤልያስን አስታውሺ። የታዘዘውን ፈጽሞ፣ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ሸሽቶ፣ ክትክታ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። መልአኩ ስብከት አልጀመረም፣ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ከዚያ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እንቅልፍ አጥተሽ በምትደርሺበት መደምደሚያ ብዙም አትተማመኚ። እንቅልፍ ማጣትሽ ሳምንታት ካስቆጠረ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ጸሎትሽን አይሻማም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ላባብልሽ አልፈልግም። አንቺ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ቋጥረሻቸዋል። አለመፈረምሽ አንድ ነገር ነው። 3 ሳምንት መደበቅሽ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ያደረግሽው ለእምነትሽ ነው፤ ሁለተኛውን ፈርተሽ ነው። ሁለቱንም «ታዝዤ የመጣብኝ መከራ» ካልሽው ባለቤትሽ የሚቆጣበት ቦታ ያጣል፤ ቢቆጣሽ እግዚአብሔርን የተቃወመ ሊመስል ነው። የተናገረውን ደግመሽ አንብቢው። «ለምን አልፈረምሽም» አላለሽም። የቤት ኪራዩና የትምህርት ቤት ክፍያው እሱም ላይ ነው የወደቀው፤ ለዚያውም 3 ሳምንት ዘግይቶ ሰማ።

ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቂው ለሦስቱ ሳምንት ብቻ ነው። ልጆቹ ሲተኙ እንዲህ በይው፦ «አለመፈረሜ አይቆጨኝም። አንተን መደበቄ ግን ይቆጨኛል። ፈርቼ ነው።» «ግን እኔም» የምትል ሐረግ አትጨምሪበት። ጥቅስም አትጥቀሺለት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምንም እንኳ የሕግ ባለሙያ ባልሆንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ልመለስ የሚል ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው። አንቺ 2 ወር ሊሞላሽ ነው። የስንብት ክፍያና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም አለ። ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ። የስንብት ደብዳቤውንም እሱ ይያዘው፤ እስከ ዛሬ አላሳየሽው ይሆናል።

ይቅርታሽን ሰምቶ ዝም ሊልሽ ይችላል። ዝም ካለ ሻይ ቅጂለትና አንቺም ዝም በይ።