የማታውን ትምህርት ተይው

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀን ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ደረጃ 4 ትማሪያለሽ፤ ማታ አባትሽ ስለፈለጉ በግል ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ጀምረሻል፤ ቅዳሜና እሑድ ደሴ የአክስትሽ ሱቅ ውስጥ ትውያለሽ። የሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናሽ ሁለት ወር ቀርቶታል። «ሁሉንም የማዳርስበት ፕሮግራም አውጣልኝ» ብለሻል። አላወጣልሽም።

እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር ጽፈሻል። ወርክሾፕ ውስጥ ሞተር በስታር-ዴልታ፣ ሲነሣ ብዙ ኃይል እንዳይስብ በሚያደርገው አያያዝ፣ ስታገናኙ ለማታው ፈተና ለመድረስ ቀድመሽ ወጣሽ፤ ጓደኞችሽ ሲያስነሡት አላየሽም። ይህ ሙያ በጆሮም ይለመዳል። ባለሦስት ፌዝ ሞተር ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮቹ አንዱ ሲቋረጥበት ያጉረመርማል፣ አልነሣም ይላል፣ ይግላል፤ መከላከያው ኦቨርሎድ ካላቋረጠው የሽቦ ጥቅሉ ይቃጠላል። እኔ ያንን ድምፅ የለየሁት በወጣትነቴ አንድ ሞተር ከተቃጠለብኝ በኋላ ነው። የቫርኒሹ ሽታ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

አባትሽ «ዲግሪ የሌለው ሰው ፊት አይቆምም» ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ኮሌጅ ተማሪም የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይሰጠውም። ደክሞሽ፣ እያንቀላፋሽ የምትማሪው ትምህርት ለዚያ አያበቃሽም፤ አባትሽ በየሴሚስተሩ ተበድረው የሚከፍሉት ብርም ውኃ ይበላዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የከተማችን ፋብሪካዎች ተዘርፈው ሥራ ዳግም ሲጀመር እኔም ተጠርቼ ነበር። ዲግሪህን አሳየን ያለኝ ሰው የለም፤ የቆመውን ማሽን አሳዩኝ።

ስለዚህ የማታውን አቋርጪ። ዝም ብለሽ አትቅሪ፤ ሬጅስትራር ሄደሽ የማቋረጫ ፎርም ሙይ፣ ያለፍሻቸው ኮርሶች እንዲያዙልሽ።

አክስትሽን እስከ ምዘናው ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ደሴ ሽቅብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ መመለስ ቀላል አይደለም። ስለ እንግሊዝኛሽ የጻፍሽልኝም ለጊዜው አያስጨንቅሽ፤ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ማንበብ ከቻልሽ ይበቃል።

አባትሽን በቃል ለማሳመን አትድከሚ፤ ሽማግሌም አትላኪ። አሠልጣኝሽን አስፈቅጂና አንድ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ይዘሻቸው ሂጂ። ገመዱን ራስሽ አገናኚ፣ በቴስተር ፈትሺ፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫኚና ሞተሩን ፊታቸው አስነሺው።